ቀዩን ወረቀት ለጣፊ

የእኔ ሥራ ሌሊት ነው፣ ሱቁ ከተዘጋ፣
በቀይ መሸፈን ነው የትናንቱን ዋጋ።
አጣብቃለሁ በጣቴ፣ እገፋለሁ በጥፍሬ፣
ስድሳ ዩሮ የነበረው መቶ ይሆናል ዛሬ፤
ነገ በመቶው ላይ ጥቁር መስመር ይሰመራል፣
«ሰባ» ተብሎ በትልቁ ከጎኑ ይጨመራል።
ውሸት ነው አይባልም፤ ቁጥሩ ነው ያወራው፣
የኔ ድርሻ ሙጫው ነው፣ የአለቃዬ ነው ሥራው።

ማቶዚኞሽ ላይ ዝናብ ከባሕር ይነሣል፣
ኅዳር ሲጋመስ ጎዳናው ይርሳል፤
ሰው ግን ጃንጥላውን በብብቱ ይዞ፣
በር ላይ ይሰለፋል፣ ብርድ ላይ ደንዝዞ።
በሩ ሲከፈትም እንደ ጎርፍ ይገባል፣
የሚፈልገውን ሳያውቅ ካገኘው ይስባል።
አንድ ጎልማሳ አየሁ ሦስት መፍጫ ታቅፎ፣
«ለማን ነው?» ቢሉት መልስ የለው፣ እዚያው ቆመ ተሰልፎ።
«የመጨረሻው ሰዓት!» ይላል ድምፅ ማጉያው፣
በየሰዓቱ ይላል፤ አያልቅም ማለቂያው።

ዶና ዙልሚራ ግን አትሮጥ፣ አትጋፋ፣
ከሰዓት ትመጣለች ግርግሩ ሲጠፋ።
አርባ ዓመት ሙሉ በሳርዲን ፋብሪካ
ጣሳ ስትቆጥር ኖራ፣ ስትመዝን፣ ስትለካ፣
ዛሬም ጣቷ አይተኛም፤ በዓይኗ ትቆጥራለች፣
ከኮቷ ኪስ አውጥታ ደብተር ትገልጣለች።
ላስቲክ የታሰረ፣ ጠርዙ የተበላ፣
ከፊቱ የቤት ዕቃ፣ የልብስ ደግሞ ከኋላ፤
ነሐሴ ላይ የጻፈችው፣ በዚያ ሙቀት ወራት፣
ማንም ቅናሽ ሳያስብ፣ ማንም ሳይጠራት።
ማንቆርቆሪያ — ሃያ ሁለት፤ ምንጣፍ — አርባ አንድ፤
የልጅ ቦት ጫማ — ሠላሳ፣ ለዝናብ፣ ለብርድ።

ከመደርደሪያው ፊት ቀጥ ብላ ትቆማለች፣
ደብተሩን፣ ወረቀቴን፣ ደብተሩን ታያለች።
ሣጥን የማነሣ መስዬ አጎንብሼ፣
ጠብ ያለውን ላቤን በእጅጌዬ አብሼ፣
ስድቧን እጠብቃለሁ። ስድብ የላትም እሷ፤
ምላሷን ነካ አርጎ ቁጥር ይጽፋል እርሳሷ።
ከዚያ ለማንቆርቆሪያው ነው የምትናገረው፦
«ሃያ ሁለት ነበርክ ነሐሴ ሳይህ፣ ምነው?
አሁን ሃያ ስድስት። ‹ከሳሁ!› ትላለህ ደግሞ፣
እንዲህ ያለ መክሳት አላየሁም ቀድሞ።»

«ዕድሉ ቢያልፍሽስ?» አልኋት አንድ ቀን ደፍሬ።
«ያለፈኝ ዕድል ሁሉ ኪሴ ውስጥ ነው ዛሬ።»

ፎቁ ላይ ጎረቤቷ፣ ባለ ታክሲው አዴሪቶ፣
ግድግዳ የሚያክል ቴሌቪዥን በዱቤ ገዝቶ፣
ደረጃው ጠቦት፣ ሳምንት ከታች ቆመ ሣጥኑ፣
ልጆች ቤት ሠሩበት ሲሰለቻቸው ቀኑ።
ቴሌቪዥኑ በደረጃው ተከልክሎ ቢቀርም፣
ወለዱ ግን ቀጭን ነው፣ ለመውጣት አይቸገርም።
ሣቁበት ሰዎቹ፤ ዙልሚራ አልሣቀችም፣
ገጽ ቀድዳ ሰጠችው፤ ምክር አልጨመረችም፤
አንድ ጥያቄ ብቻ ከላዩ ጽፋበት፦
«ትናንት ይህ ባይኖርህ ምን ጎደለ ከቤት?»

ዘንድሮ የቦቱ ዋጋ አልቀነሰ፣ አልጨመረ፣
ሠላሳ ነበረ፣ በሠላሳው አደረ፤
ስፌቱን ጎትታ፣ ሶሉን በጥፍር አይታ፣
ሳንቲም ደርድራ ከፈለች ከመሐረብ ፈትታ።
ልትወጣ ስትል ግን አየች፣ በሩ ጥግ ላይ፣
አንዲት የብርጭቆ ዓሣ፣ ሆዷ ውስጥ ያለ ሰማይ፤
ለምንም አትረባ፣ ክንፏ የተሸረፈ፣
ሦስት ዩሮ። ደብተሩ ላይ ስሟ ያልተጻፈ።
እኔ ትንፋሼን ያዝሁ።
ደብተሩን ሳትከፍት ወደ ኪሷ መለሰች፤
«በአርባ ዓመት ቆጠራ አንዷ ለእኔ ደረሰች።»

ያን ማታ አለቃዬ አዲስ ክምር ሰጠኝ፣
የወረቀቱ ቅላት ትንሽ አስደነገጠኝ፤
እርሳስ ፈልጌ አገኘሁ፤ በእያንዳንዱ ጀርባ
የነሐሴን ዋጋ ጻፍኩ፣ ሌሊቱ ሳይጠባ።
ጥፍሩን የሚሰነዝር ያገኘዋል ልጦ፤
የቀረው ይገዛል፣ በቀዩ ተውጦ።

ለገና ስጦታ ለራሴ የገዛሁት
ደብተር ነው። አንድ ዩሮ ከሃምሳ። ገና አልጀመርሁት።